ማንነትን በሥነ ጽሑፍ ማስተማር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ክፍል?

ስለ ማንነት ሊያስተምር የተነሳ የሥነ ጽሑፍ መምህርን መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የመጽሐፍ ምርጫ ነው። የትኛው ልቦለድ ይሻላል? የትኛው ግጥም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ምርጫ አለ። ተማሪዎቹ እንዲያወሩ የምንፈልገው ስለ ገጸ ባሕርይው ነው ወይስ ስለ ራሳቸው? ይህን ሳንወስን መጽሐፍ ከመረጥን ጥሩው መጽሐፍም ክፍል ውስጥ ይበላሻል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዕድሜያቸው ምክንያት ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ከፍለውታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አምስተኛው ደረጃ ከ12 እስከ 18 ዓመት አካባቢ ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ዋናው ትግል ማንነትን በማግኘትና ግራ በመጋባት መካከል ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ "እኔ ማን ነኝ?" የሚለውን ጥያቄ ከመምህሩ አይማረውም። ይዞት ነው ክፍል የሚገባው። ከጎኑ የተቀመጠውም እንደዚሁ። ሠላሳ አርባ ልጆች እንዲህ ሆነው በተቀመጡበት "እስቲ ስለ ማንነታችሁ ንገሩን" ማለት ድፍረት ነው። አንዱ ያፍራል፣ አንዱ ቀልድ ያደርገዋል፣ አንዱ ደግሞ መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ይናገራል።

ልቦለድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የሌለ ሰው ያቀርብልናል። ይህን ሰው ብናማው አይቀየምም። ብንፈርድበት አያለቅስም። ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ተማሪው ስለ ራሱ ሳይገደድ፣ ግን ስለ ራሱ እያሰበ እንዲያነብ የትኛው ይረዳዋል?

ከጽሑፉ እንጀምር ወይስ ከአንባቢው?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከአንባቢው ስሜት የሚነሳው ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ሉዊዝ ሮዘንብላት በ1938 ባወጡት መጽሐፍ የጽሑፍ ትርጉም የሚወለደው አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ ነው ብለው ተከራከሩ። ክፍል ውስጥ ሲገባ ይህ መንገድ "ይህን ስታነቡ ምን ተሰማችሁ? ምን አስታወሳችሁ?" በሚሉ ጥያቄዎች ይጀምራል። ጥሩ ጎኑ ቶሎ ማሞቁ ነው። ዝምተኛውም የሚለው አያጣም። መጥፎ ጎኑ ጽሑፉ ቶሎ መረሳቱ ነው። አንዱ "እኔም እንደዚህ ሆኜ አውቃለሁ" ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጽሐፉ ተከድኗል። በዚያ ላይ ሸክም ያለበት ልጅ ሳያስበው ገመናውን ያወጣል። በነጋታው ይጸጸታል። በነገራችን ላይ ሮዘንብላት "የፈለጋችሁትን በሉ" አላሉም። አንባቢው የተሰማውን ወደ ጽሑፉ ተመልሶ እንዲያጣራ ነበር የሚፈልጉት። ይህ ግማሽ ሐሳባቸው ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሁለተኛው በተቃራኒው ከጽሑፉ የሚነሳው ነው፤ በዝግታ፣ ቃል በቃል ማንበብ። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1949 ባሳተሙት መጣጥፍ የአንባቢ ስሜት የግጥም መለኪያ ሊሆን አይችልም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ያን ያህል መጥበቅ አያስፈልግም። ግን ለማንነት ርዕስ ይህ መንገድ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይስማማል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ የ1958 ልቦለድ (Things Fall Apart) ውስጥ ንዎዬ የሚባለው የዋናው ገጸ ባሕርይ የኦኮንኮ ልጅ አባቱን ትቶ ወደ ሚስዮናውያኑ ይሄዳል። በኋላ አንድ የአባቱ ወዳጅ አግኝቶት ስለ አባቱ ሲጠይቀው አባቴ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ከዚያም ተራኪው ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ልጁ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ስለመላኩ፣ እያወራ ሳለ አሁን ይስሐቅ ተብሎ እንደሚጠራ ጣል አድርጎ ያልፋል። የስም መለወጥን ያህል ነገር በግማሽ ዓረፍተ ነገር!

አሁን ተማሪዎቹን ጠይቁ። ተራኪው ይህን ለምን በችኮላ አለፈው? አዲሱን ስም የሰጠው ማን እንደሆነ ተነግሮናል? ልጁ ራሱ ስሙን ሲጠራ ሰማነው? ጥያቄዎቹ ስለ ሰዋስውና ስለ ትረካ ስልት ይመስላሉ። ግን መልስ ለመስጠት ተማሪው ስለ ስም፣ ስለ አባት፣ ስለ መለየት ማሰብ አለበት። "አንተስ ከአባትህ ጋር እንዴት ነህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። እሱ ግን ያስባል።

የዚህ መንገድ አደጋ መድረቅ ነው። በተለይ ፈተና ሲቃረብ ማንነት አንድ "ጭብጥ" ሆኖ ይቀራል። ተማሪው "የልቦለዱ ጭብጥ የማንነት ፍለጋ ነው" ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩን ያገኛል፣ ነገሩ ያልቃል።

ሦስተኛው መንገድ ከኅብረተሰቡ ይነሳል። ሥልጣን በማን እጅ ነው? ማን ማንን ይሰይማል? መደብ፣ ፆታ፣ ዘር የገጸ ባሕርይውን ምርጫ እንዴት ይገድቡታል? የሕግ ምሁሯ ኪምበርሊ ክሬንሾ በ1989 ያሳዩት ነገር እዚህ ይረዳል። በጥቁር ሴት ላይ የሚደርሰውን መድልዎ "ዘር" እና "ፆታ" ብለን ለየብቻ ከመረመርነው ሳናየው እናልፋለን አሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪ ይህ ዓይን ከፋች ነው። አንድ ሰው አንድ መለያ ብቻ እንደሌለው ያያል። ጉዳቱ መልሱ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ብልጥ ተማሪ መጽሐፉን ሳያነብ ትንታኔውን ይጽፋል። ገጸ ባሕርይውም ሰው መሆኑ ይቀርና የአንድ ወገን ናሙና ይሆናል።

የእኔ ምርጫ፦ ከጽሑፉ ጀምሩ፣ ወደ አንባቢው ውሰዱት፣ ጊዜና ብስለት ካለ ወደ ኅብረተሰቡ አስፉት። ከአንባቢው ጀምሮ ወደ ጽሑፉ መመለስ ከባድ ነው። ልጆቹ ስለ ራሳቸው ማውራት ከጀመሩ በኋላ "እሺ፣ አሁን ሦስተኛውን አንቀጽ ተመልከቱ" ሲባሉ እንደ ተቀጡ ይሰማቸዋል።

ጽሑፉንና አንባቢውን የሚያገናኝ መሣሪያ

የኤሪክሰንን ሐሳብ ያስፋፉት ጄምስ ማርሺያ በ1966 ሁለት ጥያቄዎችን አቀረቡ። ይህ ወጣት አማራጮችን መርምሯል? ከዚያስ ለአንዱ ቆርጦ ገብቷል? ከሁለቱ ጥያቄዎች አራት ሁኔታ ይወጣል። አልመረመረም፣ አልወሰነም። ሳይመረምር ወስኗል፤ ለምሳሌ ወላጆቹ የሰጡትን እንዳለ የተቀበለ። እየመረመረ ነው፣ ገና አልወሰነም። መርምሮ ወስኗል።

ለሥነ ጽሑፍ ክፍል እንዲህ ያለ ምቹ መሣሪያ ብዙ አይገኝም። ሠሌዳውን በአራት ክፈሉት። ተማሪዎች አንድን ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በመሐሉና በመጨረሻው የት የት እንደሚገኝ ያስቀምጡት፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ከጽሑፉ ማስረጃ ያምጡ። ክርክሩ ራሱ ይመጣል። ንዎዬ መርምሮ ወሰነ ወይስ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሳያስብ ሌላ ቤት ገባ? ግማሹ ክፍል አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይይዛል። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ገጽ አያጣም።

አንድ ክልክል አለ። ተማሪው ራሱን ወይም ጓደኛውን በሠሌዳው ላይ እንዲያስቀምጥ አታድርጉ። በልቡ እንደሚያስቀምጥ እርግጠኛ ሁኑ፤ እዚያው ልቡ ውስጥ ይቆይ።

መስታወት ወይስ መስኮት?

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 መጻሕፍትን በመስታወትና በመስኮት መሰሏቸው። መስታወት አንባቢው የራሱን ሕይወት የሚያይበት ነው፤ መስኮት የሌላውን። ተንሸራታች የመስታወት በርም ጨምረዋል፤ አንባቢው በምናቡ አልፎ የሚገባበት። ምሁሯ ይህን ያሉት በመጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን ፈጽሞ የማያገኙ ልጆች መኖራቸው አሳስቧቸው ነው። ራሳቸውን ብቻ የሚያዩትም ቢሆኑ ይጎዳሉ ብለዋል።

የተለመደው ምክር "ተማሪዎቻችሁ ራሳቸውን የሚያዩበትን መጽሐፍ ስጧቸው" የሚል ነው። በመርህ እስማማለሁ። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። መስታወት መጽሐፍ ገና ባልተዋወቀ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። በልቦለዱ ያለው ቤተሰብ የአንዲት ተማሪን ቤተሰብ ይመስላል። ጥያቄ ሲነሳ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። የመምህሩም ዓይን፣ ሳይታወቀው። ልጅቱ የማንም አምባሳደር ለመሆን አልተመዘገበችም። እሷ የፈለገችው ማንበብ ነው።

ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በመስኮት መጀመር ይሻላል። ከሁሉም ተማሪ እኩል የራቀ ታሪክ ለሁሉም እኩል ነው። ስለ ሩቁ ሰው ሲከራከሩ ስለ ማንነት መነጋገርን ይለምዳሉ፣ መደማመጥን ይለምዳሉ። ከዚያ የቅርቡን ማንሳት ይቻላል። ግን መስኮት ብቻ እያሳዩ ዓመቱን መጨረስ ሌላ ጥፋት ነው። "ታሪክ የሌሎች ነው" የሚል ትምህርት ያስተምራል።

ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራበት ክፍልም አለ። ተማሪዎቹ ማንበብን ጨርሶ ከጠሉ፣ መጽሐፍ እኛን አይመለከትም ብለው ከደመደሙ፣ በመስታወት ጀምሩ። እዚያ መጀመሪያ መፈታት ያለበት ችግር ሌላ ነው።

በሁለቱም በኩል ቁጥሩ አንድ ብቻ አይሁን። ደራሲዋ ቺማማንዳ አዲቺ በ2009 ባደረጉት ታዋቂ ንግግር ስለ አንድ ሕዝብ አንድ ታሪክ ብቻ መስማት የሚያመጣውን አደጋ አስረድተዋል። ስለ ስደተኛ ልጅ አንድ ታሪክ ብቻ ያነበበ ክፍል ስደተኛን ያወቀ ይመስለዋል። ሁለት እርስ በርስ የማይመሳሰሉ አጫጭር ጽሑፎች ከአንድ ወፍራም ልቦለድ የሚሻሉበት ጊዜ አለ።

ልቦለድ፣ አጭር ልቦለድ፣ ግጥም፣ ግለ ታሪክ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ረጅም ልቦለድ ለውጥን ለማሳየት ተወዳዳሪ የለውም፤ ጊዜ ግን ይበላል። አጭር ልቦለድ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ በሁለተኛው ውይይት ይደረግበታል፤ ለጀማሪ መምህር የመጀመሪያ ምርጫው ይህ ይሁን። ግጥም ለአንድ ስሜት ወይም ለአንድ ግጭት ጥሩ ነው፤ የማንነትን ጉዞ ለማሳየት ግን ይጠባል። ረጅም ነገር ለመጀመር ለሚፈሩ ክፍሎች መካከለኛ መንገድ አለ፦ በትንንሽ ምዕራፎች የተሠራ መጽሐፍ። የአሜሪካዊቷ ደራሲ ሳንድራ ሲስኔሮስ የ1984 ሥራ (The House on Mango Street) እንዲህ ነው፤ አንዷ ምዕራፍ ስለ ተራኪዋ ስም ብቻ ናት፤ ለብቻዋ ልትነበብም ትችላለች። ሥዕላዊ ልቦለድ ሰው በሌሎች ዓይን እንዴት እንደሚታይና ራሱን እንዴት እንደሚያይ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ሊያሳይ ይችላል፤ "ካርቱን ነው" ብሎ መናቅ አይገባም።

ግለ ታሪክ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለታሪኩ እውነተኛ ሰው ነው። ተማሪዎች "ይህ ሰው ተሳስቷል" ለማለት ያመነታሉ፤ ቢሉም ደስ አይላቸውም። ውይይቱ ወደ ማዘንና ወደ ማድነቅ ያዘነብላል። ክርክር ከፈለጋችሁ ልቦለድ ይሻላል። ተማሪዎቹ በመጨረሻ የራሳቸውን ታሪክ እንዲጽፉ ከፈለጋችሁ ደግሞ ግለ ታሪክ ጥሩ አርአያ ነው።

አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ወይስ በቡድን?

ሁሉም አንድ መጽሐፍ ሲያነብ የጋራ ቋንቋ ይፈጠራል። በዓመቱ መጨረሻ እንኳ የአንድን ገጸ ባሕርይ ስም ብቻ ጠርቶ መግባባት ይቻላል። በቡድን ሲሆን፣ አራት አምስት ተማሪዎች ከቀረቡላቸው መጻሕፍት አንዱን መርጠው ሲያነቡ፣ ምርጫው ራሱ ስለ ማንነት የሚናገረው ነገር አለ። ለዚህም ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ስለ አንድ ስሜታዊ ጉዳይ የተጻፈን መጽሐፍ የመረጠ ልጅ "ለምን መረጥከው?" መባልን ሊፈራ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ምርጫውን በቁራጭ ወረቀት ያድርጉ፣ ሁለት ሦስት አማራጭ በቅደም ተከተል ይጻፉ፣ መዳቢው መምህሩ ይሁን። ከዚያ ማንም ሰው "መምህር ነው የሰጠኝ" ማለት ይችላል።

ሙሉ ነፃ ምርጫ ለንባብ ፍቅር ግሩም ነው፤ ለውይይት ግን ደካማ ነው። ሠላሳ የተለያየ መጽሐፍ ያነበበ ክፍል ስለ ምን ይከራከራል?

ውይይቱ በአፍ ወይስ በጽሑፍ?

ክብ ሠርቶ መወያየት የታወቀ ዘዴ ነው። ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ በተባለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት በ1930 የባለጸጋው ኤድዋርድ ሃርክነስ ስጦታ መነሻ ሆኖ ተማሪዎች በአንድ ሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መማር ጀመሩ። መምህሩም ከእነሱ እንደ አንዱ ይቀመጣል። ማራኪ ነው። ግን አንድ ጠረጴዛ የሚከቡት ደርዘን ያህል ተማሪዎች ናቸው። አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ይህን እንዳለ መቅዳት ስድስት ተናጋሪና ሠላሳ አራት ታዳሚ ያስገኛል። ትልቅ ክፍል ያለው መምህር ክቡን ለሁለት ይክፈለው፤ የውስጠኛው ይናገራል፣ የውጪኛው ማስረጃ እየመዘገበ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ለማንነት ርዕስ ግን ከክቡ በፊት ጽሑፍ ይቅደም። ትልቅ ወረቀት መሐል ላይ ከጽሑፉ የተወሰደ አንድ አንቀጽ ይለጠፋል፤ ተማሪዎች ዙሪያውን ቆመው በዝምታ ይጽፋሉ፣ ጓደኛቸው ለጻፈው በጽሑፍ ይመልሳሉ። አንደበተ ርቱዑና ዓይን አፋሩ እዚህ እኩል ናቸው። ያልበሰለ ቀልድም ይቀንሳል፤ የሚስቅለት ስለሌለ።

በአፍ ሲሆን ደግሞ መምህሩ ዝም ማለትን ይልመድ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ምክንያት ይጨመርበታል። "ይህ ልጅ ስሙን ለምን ለወጠ?" የሚል ጥያቄ ከሦስት ሰከንድም በላይ ይገባዋል።

ምን ያስጽፉ፣ ምኑን ያርሙ?

ብዙ መምህር የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

የትንታኔ ድርሰት ለማረም ቀላል ነው። ሐሳብ አለ ወይ? ማስረጃ አለ ወይ? ማስረጃው ተብራርቷል ወይ? ለተማሪውም ፍትሐዊ ነው፤ ማንም ሰው ስለ ሕይወቱ ሳይናገር ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

የግል ድርሰት በተቃራኒው ተማሪው ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ማርክ ሲሰጠው ግን ጣጣ ይመጣል። ስለ ወላጅ ሞት የጻፈች ልጅ ከ20 12 ብታገኝ ምን ይሰማታል? ደግሞ ተማሪዎች ቶሎ ይነቃሉ፤ ከባድ ታሪክ ከፍ ያለ ማርክ እንደሚያመጣ ካዩ ከባድ ታሪክ ይፈበርካሉ። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ነጥብ የሚሰጠው ለአጻጻፉ እንደሆነ፣ ለምሳሌ ለዝርዝሩ፣ ለአደረጃጀቱ፣ ለክለሳው፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ርዕሱንም ሰፊ አድርጉት፤ ስለ ስሙ አመጣጥ የጻፈም፣ ስለሚወደው ጨዋታ የጻፈም እኩል ይታይ።

ሦስተኛው አማራጭ የፈጠራ ሥራ ነው። አንዱን ትዕይንት በሌላ ገጸ ባሕርይ አንደበት መልሶ መጻፍ። ለምሳሌ ልጁ አባቱን የካደበትን ቦታ በአባትዬው ወገን። እኔ ከሦስቱ ይህን አስበልጣለሁ። ተማሪው የገጸ ባሕርይውን ልብስ ለብሶ የራሱን ነገር መናገር ይችላል፤ ማንም አያውቅበትም። መምህሩ ደግሞ የሚያርመው ነገር አለው፦ አዲሱ ትረካ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ይጣጣማል? ገጸ ባሕርይው የማያውቀውን ነገር ያውቃል? ከሥራው ጋር ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ቢጨመር፣ "እነዚህን ምርጫዎች ያደረግሁት ለዚህ ነው" የሚል፣ ትንታኔውም አብሮ ይመጣል።

የግል ማስታወሻ ደብተር ካስያዛችሁ አይታረም። መጻፉ ብቻ ይታይ፤ ተማሪው እንዳይነበብ የሚፈልገውን ገጽ አጥፎ ይስጥ። ግን ፍጹም ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ልጁ ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ወይም ሰው እየጎዳው እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ካነበባችሁ ለሚመለከተው አማካሪ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ደብተሩ ባዶ ሳለ፣ በግልጽ ንገሯቸው። በኋላ ከሚሰማቸው ክህደት ይሻላል።

እንግዲህ የትኛውን?

አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁና ክፍሉ አዲስ ከሆነ፦ ከሁሉም የራቀ አንድ አጭር ልቦለድ፣ በዝግታ ንባብ፣ አራት የተከፈለ ሠሌዳ፣ መጨረሻ ላይ ትዕይንት መልሶ መጻፍ። የግል ድርሰት አይግባበት። ሙሉ መንፈቅ ካላችሁ ረጅሙን ልቦለድ ለሁሉም አስነብቡ፣ ከዚያ በንባብ ቡድን የቅርቡን ታሪክ አምጡ፤ የግል ድርሰቱን የመጨረሻ አድርጉት፣ ከአማራጭ ጋር። መጻፍ የማይፈልግ በምትኩ ትንታኔ ይጻፍ፣ ምክንያቱንም አትጠይቁት።

በተማሪዎቹ መካከል ጠብ ወይም መናናቅ ያለበት ክፍል ካጋጠማችሁ ጠባቸውን የሚመስል መጽሐፍ አታምጡ። ብዙዎች "ይማሩበታል" ብለው የሚያመጡት ይህንኑ ነው። ልጆቹ መጽሐፉን የሚያነቡት ለወገናቸው ጥይት ለመልቀም ይሆናል። በዝምታ የጽሑፍ ውይይት፣ በሩቅ ታሪክ፣ በትንንሽ ቡድን ቆዩ።

ለአገር አቀፍ ፈተና የሚዘጋጅ ክፍል ደግሞ የታዘዘለት መጽሐፍ አለ፤ ምርጫ የለም። እዚያም የሚመረጠው ጥያቄው ነው። "የዚህ ልቦለድ ጭብጥ ምንድን ነው?" የሚለውን "ይህ ሰው በማን ፊት ሌላ ሰው ይሆናል? በየትኛው ገጽ?" በሚል ተኩት። መልሱን ለፈተናውም ይጠቀሙበታል።